የፑሉ ጨርቅ ሲያልቅ ጠረጴዛውን አትጣሉ

 

የዚህ ወር ጉዳያችን የፑል ጠረጴዛ ነው። «ጉድ እኮ ነው፣ ደግሞ ስለ ፑል ሊጽፍልን!» የሚሉ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ። አልፈርድባቸውም። እኛ ባደግንበት ጊዜ «ፑል ቤት ይውላል» የተባለ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚጠፋ፣ ሲጋራ የጀመረ፣ የእናቱን መቀነት የሚፈታ ተደርጎ ነበር የሚታየው። ከረምቡላ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ መታየት ብቻውን ያስገርፍ ነበር።

እዚህ አገር ግን ጠረጴዛው ራሱ ቤታችን ድረስ መጥቷል። ቤት የገዛ ሰው ቤዝመንቱን ሲከፍት የቀድሞው ባለቤት «ከባድ ነው፣ አልወስደውም» ብሎ ትቶት የሄደውን ፑል ያገኛል። ሌላው ኢንተርኔት ላይ «በነፃ፣ መጥታችሁ ውሰዱ» የሚል ማስታወቂያ ያይና አራት ጓደኛ አስከትሎ፣ መኪና ተከራይቶ ያመጣል። ከዚያ ልጆቹ አንድ ወር ይጫወታሉ፣ ይተዉታል። ጠረጴዛው የታጠበ ልብስ ማጠፊያና የካርቶን ማስቀመጫ ይሆናል።

ምግብ ቤቴ የኋላ ክፍል ውስጥ አንድ ባለ 8 ጫማ ጠረጴዛ ስላለኝ፣ ምሳ ሊበላ የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። «ጨርቁ አልቋል፣ ኳሱ አይሄድም። ልጣለው ወይስ ላሠራው?» መልሴን አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ከሥር እዩት

ከመጣላችሁም ሆነ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ባትሪ ይዛችሁ ከጠረጴዛው ሥር ግቡና ወደ ላይ ተመልከቱ። ግራጫ ድንጋይ ካያችሁ እሰየው። ስሌት ይባላል፤ ድሮ የጥቁር ሰሌዳ ይሠራበት የነበረው ዓይነት ድንጋይ ነው። ጥሩ ጠረጴዛ ላይ አንድ ኢንች ያህል ውፍረት አለው። ባለ 8 ጫማው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቁራጭ ሆኖ ነው የሚገጠመው፣ አንዱ ቁራጭ ብቻ 150 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። ድንጋይ በእርጥበት አይጎብጥም፣ በሃያና በሠላሳ ዓመት አያረጅም። ጠረጴዛው አርጅቷል ስንል ብዙ ጊዜ ያረጀው ከላይ ያለው ጨርቅ ብቻ ነው።

ድንጋይ ሳይሆን ተጨምቆ የተሠራ የእንጨት ዱቄት ካያችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ ዓይነቱ ቤዝመንት ውስጥ እርጥበት ሲነካው መሐሉ ይሰረጉዳል። ሰርጉዶ ከሆነ አዲስ ጨርቅ አያድነውም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ጨርቁ ምንድነው?

አሜሪካኖች በልማድ «ፌልት» ይሉታል። ፌልት ማለት ሳይሸመን ተጨምቆ የሚሠራ ነው። የፑሉ ጨርቅ ግን እንደ ጋቢያችን ድርና ማግ ያለው፣ የተሸመነ ነገር ነው። ከበግ ሱፍ ይሠራል፣ እንዲጠነክር ጥቂት ናይለን ይጨመርበታል። ቤልጅየም ውስጥ ቬርቪዬ በምትባል ከተማ ሲሞኒስ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1680 ጀምሮ ጨርቅ ሲሠራ ኖሯል፣ ዛሬም ብዙ የውድድር ጠረጴዛ የዚህን ድርጅት ጨርቅ ይለብሳል።

ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው ላዩ ትንሽ ፀጉር ያለው፣ ርካሹ ነው፤ ኳሱን ያዘገየዋል፣ ቶሎም ይቋጥራል። ሁለተኛው ፀጉር የሌለው፣ ለስላሳና ጠንካራ ሽመና ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ ዕድሜው ግን ረጅም ነው፤ ኳሱም ላዩ ላይ ይፈስሳል። ለልጆች ቤት ርካሹ ይበቃል። በየቀኑ ሰው ለሚጫወትበት ቦታ ሁለተኛው ያዋጣል።

መቼ ነው የሚቀየረው?

ጨርቁ የተቀደደ እንደሆነ ማንም ያየዋል። ሌሎቹን ምልክቶች ልንገራችሁ። እጃችሁን ስታሳርፉበት ሻካራና ቋጠሮ የበዛበት ከሆነ፣ ኳስ የሚመላለስበት መንገድ እየተብለጨለጨ መስመር ከሠራ፣ ጫን ስትሉት የሚሸበሸብ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ነጫጭ ነጠብጣቦቹን ብዙ ሰው ቆሻሻ እየመሰለው ሊያጥባቸው ይሞክራል። ቆሻሻ አይደሉም፣ ቃጠሎ ናቸው። ኳሱ ሲመታ መሽከርከር ከመጀመሩ በፊት ለቅጽበት ይንሸራተታል፣ በዚያች ቅጽበት ሰበቃው ጨርቁን ያቃጥለዋል። በውሃ አይለቁም።

ኳሱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጥግ የሚያዘነብል ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የጨርቁ ላይሆን ይችላል። ጠረጴዛው ውሃ ልኩን ስቷል ማለት ነው። ጨርቅ ብቻ ቀይራችሁ ይህን ካላስተካከላችሁ፣ ኳሱ በአዲስ ጨርቅ ላይ ወደዚያው ጥግ ይሄዳል።

ማን ይቀይረው?

እኔ ባለሁበት አካባቢ ባለሙያ ጠርቶ ማስቀየር ጨርቁን ጨምሮ ከ400 እስከ 600 ዶላር ይጠይቃል። ራሱ ለሚሠራ ሰው ርካሹ ጨርቅ ከ100 ዶላር ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፣ ጥሩው እስከ 300 ሊደርስ ይችላል። ባለሙያው በሦስትና በአራት ሰዓት ይጨርሰዋል። እናንተ ግን ቅዳሜን ሙሉ ያዙለት።

ምግብ ቤት ላለው ሰው ባለሙያውን ጥሩ ነው የምለው፣ ጠረጴዛው ቆሞ በዋለ ቁጥር ይከስራልና። ቤት ውስጥ ከሆነ ግን ራሳችሁ፣ ከልጃችሁ ጋር ሆናችሁ ሥሩት እላለሁ። ምክንያቱ ገንዘቡ ብቻ አይደለም።

አንድ ደንበኛዬ ታክሲ ይነዳል። ቤት ሲገዛ ጠረጴዛውም አብሮ መጣለት። ባለሙያ ጠርቶ ዋጋ ቢጠይቅ በዛበት፣ መሣሪያ እንዳውሰው ወደ እኔ መጣ። ሰኞ ምግብ ቤቴ ዝግ ስለሆነ አብሬው ሄድኩ። የ14 ዓመት ልጁ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ከፍቶ ቆሟል። ልጁ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም፣ አባትየውም እንግሊዝኛውን ለተሳፋሪ የሚበቃ ያህል ነው የሚያውቀው። እናትየዋ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሁለቱ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይነጋገሩም ነበር።

ለጎኖቹ የሚሆነውን ጨርቅ በረጅሙ መክፈል ነበረብን። ልጁ ቪዲዮው ላይ እንዳየው ማስመሪያና እርሳስ ይዞ መጣ። አባትየው ጨርቁን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገ፣ ገለበጠው፣ ወደ መብራቱ አስጠጋው። «ፊቱ ይሄ ነው» አለ። ከዚያ ጫፉን በመቀስ ትንሽ አስነከሰና በሁለት እጁ ይዞ ቀደደው! ልጁ በድንጋጤ «ቆይ! ቆይ!» እያለ በእንግሊዝኛ ጮኸ። የ200 ዶላር ጨርቅ እኮ ነው። ቁራጩ መሬት ሲደርስ ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። ልጁ አላመነም፣ ሜትር አምጥቶ ሁለቱንም ጫፍ ለካ። እኩል ሆነ።

«የት ተማርከው?» አለው።

ለካ ሰውየው መርካቶ ውስጥ 12 ዓመት ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ነው። እኔ ስንት ዓመት አውቀዋለሁ፣ ነግሮኝ አያውቅም። ልጁም አባቱን ከመኪና መሪ ጀርባ እንጂ ሌላ ቦታ አይቶት አያውቅም። የተሸመነ ጨርቅ በድሩ ከሄዱለት ራሱ ቀጥ ብሎ እንደሚቀደድ ያን ዕለት ከአባቱ ተማረ። ከሰዓት በኋላ ጨርቁን በወዲያና በወዲህ ይዘው ሲጎትቱ፣ ልጁ «ወጥር! አላላ! ያዝ!» ማለት ጀምሮ ነበር፣ በአማርኛ።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ ተለወጠ ልላችሁ አልችልም። ስልኩ አሁንም እጁ ላይ ነው። ግን የትምህርት ቤት ሱሪው ሲረዝምበት ይዞ የሚሄደው ወደ አባቱ ነው አሉ።

እዚህ አገር ከልጆቻችን ጋር ስንሠራ ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው አስተማሪዎቹ። ደብዳቤ ያነቡልናል፣ ቅጽ ይሞሉልናል፣ ስልክ ያስተካክሉልናል። እኛ የምናውቀውን ነገር የሚያዩበት አጋጣሚ ትንሽ ነው። ይህን ሥራ የምወደው ለዚህ ነው። ልጁ ቪዲዮውን ያነባል፣ ትልቁ ሰው እጁን ያመጣል። ደግሞም አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራው አይችልም፤ አንዱ ሲወጥር ሌላው መምታት አለበት።

አሠራሩ

አንደኛ፣ ከመፍታታችሁ በፊት ሁሉንም ነገር ፎቶ አንሱ። ዳር ዳሩን የከበቡትን እንጨቶች ሬይል ይሏቸዋል። አብዛኛው ጠረጴዛ ላይ ስድስት ናቸው። እያንዳንዱ ከሥር በሦስት ብሎን ይታሰራል፣ በጠቅላላ 18 ብሎን ማለት ነው። በየሬይሉ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ቁጥር ጻፉበት፣ ብሎኖቹን በኩባያ አስቀምጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው። ኪሶቹም በትናንሽ ምስማር ወይም በስቴፕል ተይዘው ይሆናል፣ ቀስ ብላችሁ ንቀሉ።

ሁለተኛ፣ አሮጌውን ጨርቅ አውጡ። በስቴፕል የተያዘ ከሆነ አንድ በአንድ መንቀል ነው፣ አሰልቺው ሥራ ይሄ ነው። በኮላ የተለጠፈ ከሆነ ይላጣል፣ የቀረውን ኮላ ድንጋዩን ሳትቧጥጡ በመፋቂያ አንሱ። አሮጌውን ጨርቅ አትጣሉት፣ ለአዲሱ መለኪያ ይሆናችኋል።

ሦስተኛ፣ ውሃ ልክ አስቀምጡ። በርዝመቱም በወርዱም ለኩ። ዝቅ ያለ ካለ ከድንጋዩ ሥር ቀጭን ሽብልቅ ይገባል። አንዳንድ ባለሙያዎች የመጫወቻ ካርታ ቅጠል ይጠቀማሉ፣ አንድ ቅጠል ብቻ ልዩነት ያመጣል። ድንጋዩን ማንሳት ከፈለገ ግን ሦስት አራት ሰው ጥሩ፣ ወይም ለዚያች ሥራ ብቻ ባለሙያ አምጡ።

አራተኛ፣ ሦስቱ ድንጋዮች የሚገናኙበትን ስንጥቅ ሙሉ። በምን መሰላችሁ? በሰም! ጧፍ በምንሠራበት በንብ ሰም። ቀልጦ ይፈስበታል፣ ሲቀዘቅዝ ከድንጋዩ እኩል ይፋቃል። ከዚያ ቫኪዩም አድርጉ፣ በእጃችሁም ዳብሱ። ከጨርቁ ሥር የቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ኳሱን ታዘልለዋለች።

አምስተኛ፣ ጨርቁን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ዘርጉ። መጀመሪያ አንዱን አጭር ጫፍ እሰሩ፣ ከዚያ ተቃራኒውን ጫፍ ወጥራችሁ እሰሩ። ቀጥሎ ሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ናቸው። ሁልጊዜ ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ጥግ ሂዱ፣ አለበለዚያ ሽብሽቡ መሐል ላይ ይቀራል። ድንጋዩ ሥር እንጨት ካለ በስቴፕል ይያዛል፣ ከሌለ በሚረጭ ኮላ። ጠንከር አድርጋችሁ፣ ግን ሁሉንም ቦታ እኩል ወጥሩ። በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ በቀላሉ የሚነሳ ከሆነ ላልቷል። ኪሶቹ ጋ ጨርቁ ይሰነጠቅና ወደ ውስጥ ይታጠፋል።

ስድስተኛ፣ ሬይሎቹን አልብሱ። ጨርቁ በቀጭን እንጨት ጠፍር ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ጎማውን ሸፍኖ ወደ ሥር ይታጠፍና በስቴፕል ይመታል። መዶሻውን በቀጥታ አታሳርፉ፣ መሐል ላይ ቁራጭ እንጨት አድርጉ። ማዕዘኖቹ ላይ ሥራው ይከብዳል፣ ታገሱ። እግረ መንገዳችሁን ጎማውን በጣት ጫን በሉት። እንደ ድንጋይ ከደረቀ ጨርቅ ሳይለብስ አሁኑኑ መቀየር አለበት።

በመጨረሻ ሬይሎቹን ወደ ቦታቸው መልሱ። 18ቱንም ብሎን መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ ተራ በተራ በመፍቻ አጥብቁ።

ለንደን ዘመድ ያላችሁ ይህን ጽሑፍ ልካችሁለት የስኑከር ጠረጴዛውን እንዳያፈርስ። የእነሱ ትልቁ 12 ጫማ ነው፣ አምስት ድንጋይ አለው፣ የጨርቁም ፀጉር አቅጣጫ አለው። እሱን ለባለሙያ ይተው።

ልጆች፣ ይቺ ለእናንተ ናት

የእናንተ ሥራ ብሎን መቁጠር፣ ፎቶ ማንሳት፣ ስቴፕል መልቀም፣ ኳስ ማጠብና ጨርቁን መያዝ ነው። ስቴፕል ስትነቅሉ መነጽርና ጓንት አድርጉ። ምላጩንና የሚቀልጠውን ሰም አትንኩ፣ የትልቅ ሰው ሥራ ነው። ድንጋዩ ሥርም እጃችሁን አታስገቡ።

ደግሞ ለጓደኞቻችሁ የምትነግሯቸው ሁለት ነገር ልስጣችሁ። ጨርቁ ለምን አረንጓዴ ሆነ? ቢሊያርድ መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ ሜዳ ላይ፣ ሣር ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ቤት ውስጥ ሲገባ ጠረጴዛውን አረንጓዴ አለበሱት፣ ሣሩን እንዲመስል። ሁለተኛው፣ እንጨቱ ጫፍ ላይ የምትቀቡት ሰማያዊ ጠመኔ ጠመኔ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1897 ዊልያም ስፒንክስ የሚባል ተጫዋችና ዊልያም ሆስኪንስ የሚባል የኬሚስትሪ ሰው ከአሸዋ ዘር የሠሩት ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ሆናችሁ አትቀቡ። ብናኙ አሸዋ ነው፣ ጨርቁን ይበላዋል።

ጨርቁ እንዲቆይ

ከጨዋታ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥረጉ። ኳሶቹን ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ። ጨዋታ ሲያልቅ ሸፍኑት። አዲስ ተጫዋች ኳስ ማዝለል እንዳይሞክር፣ አብዛኛው ቀዳዳ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፈሳሽ ከተደፋ በደረቅ ፎጣ ጫን ጫን አድርጉ እንጂ አትሹት። ጠረጴዛው ላይ ቡናም ወጥም አይቀመጥም። እኔ ቤት ሬይሉ ላይ ብርጭቆ ያስቀመጠ ሰው፣ ደንበኛ ይሁን ዘመድ፣ ተራው ያልፈዋል። ሕጉ ሠርቷል።

እናቶች ሆይ፣ ስጋታችሁን አልረሳሁትም። ፑል ቤት ያስፈራን የነበረው ልጁ ከማን ጋር እንደሚውል ስለማናውቅ ነው። ቤዝመንታችሁ ውስጥ ያለው ጠረጴዛ ዙሪያ ግን ማን እንደቆመ ታውቃላችሁ። የልጃችሁን ጓደኞች በስማቸው ለማወቅ ከፈለጋችሁ ጨርቁን አስቀይሩና አንድ ትሪ ሳምቡሳ ይዛችሁ ውረዱ። ሳምቡሳው ግን ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።

እስከሚቀጥለው ወር ቸር ያሰንብተን።